ዋዝ ዋዛ አይደለም! የድሮ ወታደር መኪና በደብረ ብርሃን ብርድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ጋቢ ለብሼ የምቀርጸው ለፋሽን አይደለም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ መጥታችሁ ሞክሩት።

ይሄ ከኋላዬ የቆመው ዋዝ ነው። ዋዝ 469። ኡሊያኖቭስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተመረተ። በደርግ ጊዜ አዛዡ ከፊት ተቀምጦ ሽው የሚልበት። እኔ ስገዛው ጎማው መሬት ገብቶ፣ በወለሉ ቀዳዳ ሳር በቅሎ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ሰውየው መኪናውን ሸጠልኝ። ዶሮዋን ግን እምቢ አለ።

ዛሬ ስለ ዝገትና ስለ ላሜራ ላወራችሁ ነበር። ነበር! ያለፈውን ቪዲዮ ኮሜንት ሳነብ ግን ሁላችሁም አንድ ነገር ነው የጻፋችሁት። «ወንድሜ፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ዳገት አይወጣም፤ ሞተሩ ሞቷል። አውጣና የቶዮታ ክተትበት።» የቶዮታ ክተትበት! ቆይ እሱን እመለስበታለሁ።

ሞተሩ አልሞተም። ልድገመው፤ አልሞተም።

አልፈርድባችሁም። እኔም እንደናንተ ነበር ያሰብኩት። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል ተባልኩ፣ ሞተሩ ተፈታ፣ ብር ወጣ። ፋሻው ደህና! ፋሻ ቢሆን ጭሱ ሰማያዊ ይሆን ነበር፤ ዘይት ነዋ የሚቃጠለው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን ነው። ይሄን ያወቅኩት ብሩ ከወጣ በኋላ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ሠርግ ተጠራሁ። ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወረድን። ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሮቢት። ሮቢት ሜዳው ላይ ነዳጅ ረገጥኩ። ጭስ የለም። በመስታወት አየሁ፣ የለም! መኪናው እንደ ወጠጤ ነው የሚዘለው። ስንመለስስ? ደብረ ሲና ላይ ማጨስ ጀመረ። ጣርማ በር ስንደርስ እንደ ሽማግሌ ያለከልካል።

ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። እዚህ አየሩ ሳስቷል። ሞተሩ አንዴ ሲስብ የሚያገኘው አየር፣ ባሕር ዳር ሆኖ ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ባሕር ዳር ስል ከተማዋን አይደለም፣ እውነተኛውን ባሕር! ፋብሪካው ለዋዝ 75 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶታል። እዚህ 55 ቢቀርለት ነው። ሃያው ፈረስ ዳገቱ ላይ ቀርቷል።

ጭሱስ ከየት መጣ? አሁን ወደ መንዝ፣ ወደ አያቴ ምድጃ እንሂድ።

መንዝ እንጨት ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። ልጅ ሆኜ ብርዱ ሲያንገበግበኝ ኩበቱን አነሳና ምድጃው ላይ እቆልላለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሳቱ የሚበረታ መስሎኝ። ምን ይሆናል? ይታፈናል። ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ አያቴ ዓይኗን እያሸች ትነሳለች። «አንተ ልጅ፣ እሳቱን አበላኸው ወይስ ቀበርከው?» ትለኛለች። ከዚያ ሁለቱን ኩበት ታወጣለች፣ አንዱን ጠርዙን ታነሳለች፣ እፍ ትላለች። ቦግ! ኩበት አልጨመረችም። ቀነሰች! አያቴ መኪና ነድታ አታውቅም፤ ግን ሞተሩን ከፈታው መካኒክ በላይ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ፣ ይገባታል። ኩበት ቤንዚን ነው። እፍታዋ አየር ነው። ካርቡሬተሩ ደግሞ እኔ ነኝ፤ አየር ማነሱን ሳያውቅ ኩበት የሚቆልል ልጅ። ይሄ ምሳሌ ካልጣማችሁ ሰብስክራይብ አታድርጉ። ከጣማችሁ ግን አድርጉ እንጂ፣ አያቴን አታሳፍሯት።

መፍትሔው አጭር ነው፤ ካርቡሬተር ፈታታችሁ የምታውቁ ናችሁ። ቤንዚን የምታሾልከውን ቀዳዳ ያላትን የነሐስ ብሎን በጠባብ ቀዳዳ ቀይሩ። የተንሳፋፊውን ልክ እዩ። የካንዴላውን እሳት ትንሽ አስቀድሙት፤ የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። የካንዴላ ገመድ ስትመልሱ ተራው 1-2-4-3 ነው። ካንዴላው ጥቁር ከሆነ ገና ነው፣ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። በቃ። በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን... የሩሲያ መኪና በጣሊያንኛ የሚጠግን አገር ሌላ የት አለ?

ውሃውንም እንዳትረሱ። እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 90 አካባቢ ላይ ይፈላል። ንፍሮ ለምን እንደሚቆይባችሁ እናቶች ታውቃላችሁ። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ግፊት የሚይዝ ይሁን። ጨርቅ ወትፎ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ ለፊቱ አዝንለታለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ አንቲፍሪዝ ግዴታ ነው። ካላገኛችሁ ማታ ውሃውን አፍስሱ፤ ከራዲያተሩ ብቻ ሳይሆን ከሞተሩም። ሁለቱም ጋ ቧንቧ አለ። ሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቃል። ያኔ በእውነት ሞተ።

አሁን ወደ ቶዮታው። ለሥራ የምትነዱት ከሆነ ክተቱ፤ ማን ይከለክላል? ለፍቅር ከሆነ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ያ መኪና ዋዝ መሆኑ ቀርቷል። ዋዝ የለበሰ ቶዮታ ነው። በዚያ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም የምትቀቡ አላችሁ! ወታደር መኪና እኮ የሚቀባው እንዳይታይ ነው።

አንድ የመጨረሻ። ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እያንዳንዱ ጎማ ጋ የራሱ ጥርስ (ማርሽ) የተቀመጠበት የብረት ቤት ካለ የወታደሩ ዋዝ ነው። ከመሬት ወደ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ የሲቪሉ 22 ነው። አራቱም ቤት የየራሱ ዘይት አለው። የመሐሉን ዲፈረንሻል ብቻ ቀይራችሁ እንዳትሄዱ።

እስቲ እናስነሳው። ባትሪው በብርዱ ደክሟል፤ ስለዚህ በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞረው ብረት ነው። አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጉ፤ ብረቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመታችሁ ጣታችሁን ይሰብረዋል። ቾክ ሳብኩ። አንድ... ሁለት... ጋቢዬን ያዝልኝማ... ሦስት።

ተነሳ! ጭሱን እዩት። የታለ?