ሰፌድ ላይ ያለ ዩራኒየም

ሰዓዳ፦ እንደምን ከረማችሁ? ከደሴ ነን። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣ ቡናው ገና አቦል ላይ ነው። ይመር፣ ኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ የገጠመህን ንገራቸው።

ይመር፦ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ የተማረ ሰው ምን ይሠራል?» አለችኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መልሴ ኧርነስት ሞኒዝ ናቸው።

ሰዓዳ፦ የኦባማ የኢነርጂ ሚኒስትር።

ይመር፦ አዎ። አያቶቻቸው ከአዞረስ ደሴቶች የመጡ ፖርቹጋላውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከስታንፎርድ በቲዎሬቲካል ፊዚክስ ዶክትሬታቸውን ይዘው በ1973 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በክሊንተን ዘመን መንግሥት ቤት ገቡ፣ በ2013 ሚኒስትር ሆኑ።

ሰዓዳ፦ ኢነርጂ ሲባል መብራት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይመር፦ የአሜሪካ የኑክሌር ቦምብ ጉዳይም እዚያው መሥሪያ ቤት ነው! ለዚህ ነው በ2015 ከኢራን ጋር ስለ ኑክሌር ፕሮግራሟ ድርድር የተቀመጡት። አሁን ሰፌድ አስቢ። 1,000 የምስር ፍሬ አለ፤ የምትፈልጊው 7ቱን ብቻ ነው። የኑክሌር ነዳጅና ቦምብ የሚሠራበት የተፈጥሮ ዩራኒየም እንደዚያ ነው፣ ተፈላጊው ዓይነት 0.7 በመቶ ገደማ። በስምምነቱ ለኢራን የተፈቀደው ጣሪያ 3.67 በመቶ ነው፤ እዚያ ለማድረስ ከ800 በላይ ፍሬ ለቅመሽ ትጥያለሽ፤ ሰፌዱ ላይ 190 ገደማ ይቀራል። ከዚያ ለቦምብ ወደሚሆነው 90 በመቶ ለመድረስስ?

ሰዓዳ፦ 180 ምናምን ብትለቅም አለቀ! አሃ፣ ከባዱ ለቀማ መጀመሪያ ላይ ነው።

ይመር፦ በቃ! ስለዚህ 3.67 ላይ ማቆም ብቻውን አይበቃም። ኢራን የምታከማቸው የተጣራ ዩራኒየም ከ300 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ማጣሪያ ሴንትሪፉጆቿም እንዲቀነሱ ተስማሙ። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ተደራዳሪ ፊርማው ላይ ይታለላል።

ሰዓዳ፦ እኔ የወደድኩት ከፊት ለፊታቸው የተቀመጡትን ነው። የኢራኑ አሊ አክባር ሳሌሂም በ1977 ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከኤምአይቲ ነው። እኛ ወሎ ደም የሚያደርቁትን አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮችን አስታወሰኝ፤ የሁለቱንም ቤት ቋንቋ ያውቃሉ።

ይመር፦ አበጋር ግን ለማንም አያደላም፣ ሰዓዳ። ሞኒዝ የአንዱ ወገን ሰው ነበሩ።

ሰዓዳ፦ ልክ ነህ፣ ንጽጽሩን ትቻለሁ። ግን ቁጥሩ ላይ ሁለቱም መዋሸት አይችሉም ነበር። አሜሪካ በ2018 ከስምምነቱ ስትወጣ እኔን ያሳዘነኝ ያ ሁሉ ለቀማ ነው።

ይመር፦ እኔንም። ሰኞ ሰፌድ ይዤ ክፍል እገባለሁ።

ሰዓዳ፦ ምስሩን ከእኔ ውሰድ። ና አሁን፣ ቶናው ደርሷል።