ሊብሬና ካርታ፦ በእድራችን አዳራሽ ምረቃ ላይ የተነበበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ሼኾቻችን፣ ቄሶቻችን፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን።

ሰብሳቢያችን የሰጡኝ አሥር ደቂቃ ነው። "ስለ አዳራሹ አጠር አድርገህ ተናገርና ውረድ" ብለውኛል። እሺ። ብሎኬቱ ጥሩ ነው። ቆርቆሮው አያፈስም፤ ባለፈው ሳምንት ዝናብ አይተነዋል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ከእንግዲህ በየሰዉ ጓሮ አይንከራተትም። ጉልበታችሁንም ገንዘባችሁንም ያዋጣችሁ ሁሉ አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ይኸው፣ ስለ አዳራሹ ተናገርኩ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ጠዋት ስመጣ ከአስፋልቱ እስከዚህ በር ድረስ የቆመውን መኪና ቆጠርኩ። የሹፌር ዓይን ነው፣ ምን ላድርግ። 31 ናቸው። ቪትዙ በዝቷል። ዲዛየር አለ፣ ያሪስ አለ፣ ከኔ ጋር ያረጁ ሁለት ዲኤክሶች አሉ። አንዷ ደግሞ ድምፅ የሌላት የኤሌክትሪክ ናት፤ ከኋላዬ መጥታ ልትድጠኝ ነበር። ሁሉም ታጥበው ነው የመጡት። ማሻአላህ ነው፣ ዓይን አይግባቸው።

እኔ ግን 9 ዓመት የዚህ እድር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። የየቤታችሁን በር አንኳክቻለሁ። የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን ግድግዳ ምርጊቱ እንደረገፈ፣ ማን ከስንት ተከራይ ጋር አንድ ሽንት ቤት እንደሚጋራ አውቃለሁ። ስም አልጠራም፣ አትፍሩ። ከ31ዱ ግን 19ኙ ማታ የሚያድሩት በሰው ግቢ ነው። ሊብሬ አለ፣ ካርታ የለም።

የኤሌክትሪኳ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ልጃችን ነው፣ እወደዋለሁ። አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ማታ ማታ በመስኮቱ ኤክስቴንሽን አውጥቶ መኪናዋን ይሰካታል። በግቢው አምስት ተከራይ አለ፣ ቆጣሪው አንድ ነው። እሷ ስትሰካ የጎረቤቱ ምጣድ ይጠፋል። አንድ ቀን አከራይዋ መንገድ ላይ አገኙኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ኧረ በአላህ፣ እኔ ያከራየሁት ለልጁ ነው ወይስ ለመኪናዋ?"

ሳቁ፣ ሳቁ። ወደኔም እንመጣለን።

መኪና ጠላ እንዳትሉኝ። ያደግኩት መኪና ላይ ነው። በ17 ዓመቴ የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት ሆኜ አሰብ ወረድኩ። ከኮምቦልቻ ተነስተን ባቲ፣ ሚሌ፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያልን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣሊያን በቀደደው መንገድ፣ በጣሊያን መኪና። ካቢና ውስጥ እንበላለን፣ ተሳቢ ሥር እንተኛለን። ያኔ ቤትህ የት ነው ብትሉኝ ታርጋ ነበር የምነግራችሁ። በ1990 ግንቦት ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ስንቱ ሹፌር ከነመኪናው ሥራ ፈታ። ቤት ያለው ቤቱ ገባ። እኔ እናቴ ቤት ገባሁ።

አሁን የምነግራችሁን ግማሻችሁ ታውቁታላችሁ። ከኔ አፍ ግን ሰምታችሁት አታውቁም። እህቴን ትናንት ማታ ፈቃድ ጠይቄያታለሁ። "ተናገር፣ ግን እንዳታለቅስ" ብላኛለች። ውጭ ቡና እያፈላች ነው፤ ከሰማችኝም ሰማችኝ።

ታናሽ እህቴ በ2000 ዓ.ም. ጅዳ ሄደች። በወር 700 ሪያል። ልብስ ታጥባለች፣ የሰው ልጅ ታዝላለች፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ትተኛለች። ብር ስትልክ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "የእማዬን ቤት ሥሩላት።" ቤቱን ታውቁታላችሁ። ከዳገቱ ላይ፣ ጭቃው ከሥሩ በጎርፍ የተበላው፣ ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት የሆነው። ብሩ የሚመጣው በኔ ስም ነበር። ላቡ የሷ፣ ደብተሩ የኔ።

እኔ ደግሞ ሒሳብ አዋቂ ነኝ። ቤት ይበላል እንጂ አያበላም አልኩ። መኪና ብገዛ ግን ትሠራለች፤ በዓመት በሁለት ዓመት ቤቱን እሷው ታቆመዋለች አልኩ። የእህቴን የአራት ዓመት ላብ ከእቁብ ጋር ደምሬ ዶልፊን ሚኒባስ ገዛሁ። ደሴ ኮምቦልቻ መስመር ገባሁ። ለእህቴ በስልክ "ቤቱ ተጀምሯል" አልኳት። አዎ። ዋሸሁ።

የሐረጎን ዳገት የነዳ ያውቀዋል። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ከዚያ ያንኑ መልሰህ ትወጣለህ። ሲሆን ሲሆን በቀን ሦስት ምልልስ። ሐረጎ ላይ መኪና የፍሬን ሸራ እንደ ዳቦ ነው የምትበላው። ሸራ ቀየርኩ፣ ፍሪሲዮን ቀየርኩ፣ ጎማ ቀየርኩ። ሞተሯ ወረደ። አንድ ጋራዥ ሠራሁት ብሎ በሳምንቱ መልሶ አስወረደኝ። ማታ የቆጠርኩትን ብር ጠዋት መለዋወጫ ቤት አስረክባለሁ። ስንት ዓመት የፍሬን ሸራ ስገዛ ኖርኩ! ለእናቴ ጣሪያ አንዲት ሸራ አልገዛሁም።

በ2006 ኅዳር ሳውዲ ሰዎቻችንን አባረረች። ከ160,000 በላይ ሰው ነው የተመለሰው፤ ከዚህ ሰፈርም ስንት ልጅ እንደተመለሰ ታስታውሳላችሁ። እህቴ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኳት በዚያችው በዶልፊኗ ነው። "የማን ናት?" አለችኝ። "የኛ ናት" አልኳት። ዝም አለች። ደጃፍ ስንደርስ ቤቱን አየችው። አሁንም ዝም አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በልግ ገባ። አንድ ሌሊት የደሴ ዝናብ ወረደ፣ የምታውቁት ዓይነት። ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ለምን መሰላችሁ? የዶልፊኗ አንድ መስታወት አይዘጋም ነበር። ወንበሩ እንዳይርስ ነው። ከአሰብ ዘመን የቀረች ወፍራም የጭነት ሸራ ነበረችኝ። እሷን ይዤ ወጣሁ። ዶልፊኗን ከላይ እስከ ታች አለበስኳት፣ አራቱን ጫፍ በገመድ አጥብቄ አሰርኩ። ስመለስ በሩ ክፍት ነው። እህቴ የእናቴ አልጋ ላይ ቆማለች። በሁለት እጇ ሳፋ ወደ ላይ ይዛለች። ጣሪያው እሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ወለሉ ላይ አንድ ድስትና አንድ ባልዲ ተደርድሯል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ቀና ብላ አየችኝና፣

"መኪናዋ አልራሰችም አይደል?" አለችኝ።

በአሽሙር እንዳይመስላችሁ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ያቺን ሸራ ገፍፌ ጣሪያው ላይ ማልበስ ነበረብኝ። አላለበስኩም። ጠዋት ሥራ አለብኝ ብዬ ተኛሁ።

እናቴ በ2008 ሐምሌ አረፈች። ይህ እድር መጣ። ድንኳን ተከላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ፣ ሦስት ቀን አንዲት ጠብታ አልገባም። አንዲት ለቀስተኛ "ድንኳኑ ሲያምር፣ ውሃ አያስገባም" ስትል ሰማሁ። እናቴ ደጅ የማያፈስ ነገር የተዘረጋው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። የዘረጋሁትም እኔ አይደለሁም።

ውሃ ስጡኝ እስኪ።

መልስ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ 1967ን ታነሳላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ በዓይናችሁ አይታችኋል። ቤት ይወረሳል፣ ሊብሬ ግን ኪስ ይገባል ትላላችሁ። ይሁን። ያ አዋጅ እንኳን የወረሰው ትርፉን ነው፤ የሚኖሩበትን አንዱን ትቶላቸዋል። እኛ የምናወራው ትርፉ ቀርቶ አንዱም ስለሌለው ሰው ነው።

2014ንም ታነሳላችሁ። በዚያ ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ መኪና ያለው እናቱን ጭኖ ወጣ፣ የሌለው በሐረጎ በእግሩ ወረደ። ይህን አልከራከርም። እኔም በሰው መኪና ነው የወጣሁት፤ የጫነኝ ልጅ እዚሁ ተቀምጧል፣ ውለታው አለብኝ። ግን ነገሩ ሲበርድ ሁላችን የተመለስነው ወዴት ነው? ወደ መናኸሪያ?

ወጣቶቹ ደግሞ ሒሳብ ታመጣላችሁ። "ጋሼ፣ መኪና አይወርድም።" ሌላው አገር መኪና ከሱቅ በወጣች ማግስት ዋጋዋ ይወርዳል፣ እኛ ጋ ባረጀች ቁጥር ትወደዳለች። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባቱን እሳት አደረገው። በ2016 ጥር ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። በቃ፣ ያቺ ቪትዝ ባንክ ሆነች። ቦታ በሊዝ ነው፤ ጨረታው የሚቀመስ አይደለም። ስለ ብረትና ሲሚንቶ አታስወሩኝ። መኪና ግን በብድርም ይገኛል፣ ቸገረኝ ስትል በአንድ ቀን ይሸጣል። ስለዚህ ልጁ ሞኝ አይደለም። ቤት መሥራትን እንዲህ ያከበደበትም እሱ አይደለም።

እኔም ሞኝ አልነበርኩም። ሒሳቤ እንዲያውም ልክ ነበር! ዶልፊኗን በ2009 ስሸጣት ከገዛሁበት በላይ አወጣች። አተረፍኩ። እናቴ ግን የሞተችው በ2008 ነው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሚስት ባሏን ምን ትለዋለች? ባለቤቴ። ባልስ ሚስቱን? ባለቤቴ። ልጅ ሲያገባ ምን እንላለን? ጎጆ ወጣ። "ባለመኪናዬ" የምትል ሚስት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ትራፊክ ሲያስቆማችሁስ ምን ብሎ ነው የሚጠይቃችሁ? "የመኪናው ባለቤት አንተ ነህ?" ይላችኋል። አንተም ደረትህን ነፍተህ "አዎ" ትላለህ። ባለቤት! ቤት የሌለው ባለቤት!

አታጨብጭቡ፣ ገና ነኝ።

ባለፈው ጥር ለአንድ ልጃችን ሽማግሌ ሆነን ሄድን። የልጅቷ አባት "ልጁ ምን አለው?" አሉ። አራት ሽማግሌ በአንድ አፍ "መኪና አለው!" አልን። ሰውየው ቡናቸውን ፉት አሉ። "ታዲያ ልጄ የምታድረው ከፊት ወንበር ነው ከኋላ?" አሉን። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩት ደግሞ በልጁ አይደለም። ተሽቀዳድመን መኪናውን ያስቀደምነው እኛ ሽበታሞቹ ነን። ልጁማ የሚከበርበትን አይቶ ነው የሚገዛው። ቪትዝ ይዞ ለቅሶ የመጣውን ከፊት ወንበር እናስቀምጠዋለን። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ሠርቶ እናቱን ያስገባው በእግሩ ሲመጣ ማን ከመቀመጫው ተነሳለት? እኔ ተነስቻለሁ? አልተነሳሁም!

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ። ኮሚቴው ከሰዓት የሚያቀርበውን ሰምቻለሁ። በካዝናው የቀረውን ይዘን ለእድሩ መኪና እንግዛ ነው የሚለው። ድንኳን ይጭናል፣ አስከሬን ያደርሳል። ሹፌር ነኝና መጀመሪያ እጅ የማወጣው እኔ መሆን ነበረብኝ። አላወጣም።

ከዳገቱ ላይ ሦስት እናቶች አሉ፤ የሦስቱም ጣሪያ ያፈሳል። ሄዳችሁ እዩ፣ መኪና ግን አይገባም፣ በእግራችሁ ነው። ቆርቆሮ፣ ጥቂት ባህር ዛፍና ሚስማር ነው የሚያስፈልጋቸው። ሥራው የኛ ነው፤ ይህን አዳራሽ የሠራ እጅ ያንን አያቅተውም። ሰኔ ሳይገባ እንጨርሰዋለን። አስከሬን እስከዛሬ በኪራይ መኪና አድርሰናል፣ በትከሻም አድርሰናል። የሞተ ሰው ቀብሩ ቢዘገይ አይበርደውም። እነሱ ግን በዚህ ዕድሜያቸው ሳፋ ይዘው አልጋ ላይ መቆም አይችሉም። መኪናውን በሚቀጥለው ዓመት ግዙ፤ እኔው በነፃ እነዳላችኋለሁ።

የቀረው አጭር ነው። ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈላችሁ ክፈሉ። ለሰርግ የወጡት ሁለት ብረት ድስቶች አልተመለሱም፤ ማን ጋ እንዳሉ አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። የወጣቶቹ ክፍል የጀመረው የቦይ ጠረጋ ጥሩ ነው፣ በርቱ።

ይኸው የአዳራሹ ቁልፍ፤ ለጸሐፊያችን አስረክቤያለሁ። ቡናው ደርሷል፣ ሽታው መጥቷል። ግን እህቴና ሌሎቹ ረከቦቱን ይዘው ውጭ ቆመዋል፣ መግባት አልቻሉም። አንዲት ነጭ ቪትዝ በሩን ዘግታዋለች።

ባለቤቱ፣ እባክህ አንሳልን።