ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ሸክላ

እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀዩ መብራት በርቷል። ሰላም ናችሁ። ዛሬ ስለ ሙዚቃ ሸክላዎቼ መደርደሪያ ላወራ ነበር፣ ቃል ገብቼ ነበር። ሦስተኛው መደርደሪያ አሁንም ዘሟል፣ አሁንም ያው መዝገበ ቃላት ነው ደግፎ ያቆመው። ስለዚህ ምንም አላመለጣችሁም።

ሸክላ ከሚሰበስቡት ከጋሼ ሰባ ስምንት ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። እንደዚህ እንደምጠራቸው እስካሁን አያውቁም፣ አደራ እንዳትነግሩብኝ። ንግግራቸው እኮ በደቂቃ 33 ጊዜ እንዲዞር የተቀዳ ሸክላ በ78 ፍጥነት ሲጫወት ነው!

እና ስልኬን ሶፋው ላይ እንድተው ነገሩኝ። ይሄ የተለመደ ነው፣ አልከፋኝም። ከታችኛው ሳጥን አንድ ባለ 45 ሸክላ አወጡ፣ ያ ትንሹ፣ መሃሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያለው። የዘፋኙና የዘፈኑ ስም መኖር ያለበት ቦታ ላይ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ የጣት እድፍ ይዟል። ትናንት የተለጠፈ አይደለም ማለት ነው።

መርፌውን አስቀመጡ። ትንሽ ክሽክሽታ፣ ከዚያ ሴት። ምንም አጃቢ የለ፣ ብቻዋን አንድ ስንኝ ትላለች። ከበሮውና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ይገባሉ። ሳክስፎኑ ማይክሮፎኑን በጣም ተጠግቶ ይሻክራል፣ ግን የሚያምር መሻከር ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከመግባቷ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ዛሬ ቢሆን ያንን ትንፋሽ በኮምፒውተር ቆርጠው ይጥሉት ነበር። ስለ ዘመኑ አቀዳድ አልናገርም ብዬ ነበር፣ እሺ፣ ተውኩት።

“ማን ናት ጋሼ?” አልኳቸው።

“ዘፋኝ ናት።”

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

“ስሟን ከነገርኩሽማ ነገ በየሰዉ ስልክ ላይ ናት።”

እውነታቸውን ነው። ታውቁኛላችሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ገልብጬ ለእናንተ ካላካፈልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታዲያ ለምን ሸክላ እሰበስባለሁ? ለብቻ ለመስማትማ የጆሮ ማዳመጫ በቂ ነው።

ደግሞ ይሄ ነገር የሳቸው ፈጠራ አይደለም። በ1950ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ጃማይካ ውስጥ ትልልቅ ድምጽ ማጉያ ይዘው ጭፈራ የሚያዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። ከአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሸክላ ያስመጡና ሌብሉን፣ መሃሉ ላይ ስም የተጻፈበትን ወረቀት፣ ፍቀው ያጠፉታል። ተቀናቃኝ እንዳያገኘው! ከነሱ አንዱ ኮክሰን ዶድ የአሜሪካዊውን የዊሊስ ጃክሰንን አንድ የሳክስፎን ዘፈን ወስዶ “ኮክሰን ሆፕ” ብሎ በራሱ ስም ጠራው። ተቀናቃኙ ዱክ ሪድ በስንት ፍለጋ ዘፈኑን አገኘውና በአደባባይ አጫወተበት። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ማንን ደግፌ እንደምሰማው ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለቱም ዘፈኑን አልሠሩትም እኮ።

እንግሊዝም ያው ነው። በ1970ዎቹ ዊጋን ካዚኖ የሚባል ጭፈራ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የድሮ የአሜሪካ ሶል ሲጨፈር ያድራል። ዲጄዎቹ ሌብሉ ላይ ወረቀት ይለጥፉና የሌለ ስም ያወጣሉ። የፍራንክ ዊልሰንን ዘፈን ታውቁታላችሁ፣ ስንት ጊዜ ሰልችቷችኋል። በ1965 ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያ አሳተመው፣ ከዚያ አብዛኛው ቅጂ ተወገደ፣ የቀረው በጣት የሚቆጠር ነው። በ2009 አንዱ ቅጂ ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ያ ዘፈን ዊጋን ላይ ሲጫወት ግን ዘፋኙ “ኤዲ ፎስተር” ነው ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ያብዳል፣ የሚያብደው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ፍራንክ ዊልሰን ደግሞ ያኔ በሕይወት ነበር፣ አሜሪካ ቁጭ ብሎ ሥራውን ይሠራ ነበር።

እዚህ ጋ ነው የሚከነክነኝ። የጋሼ ሴትዮም እንደዚያ ከሆነችስ?

መልሱ ቀላል ይመስላል አይደል? ስሟ ይውጣ። ግን አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ሩት ብራውንን አስቡ። ስሟን የማያውቅ አልነበረም። ዘፈኗን ያሳትም የነበረውን ኩባንያ፣ አትላንቲክ ሪከርድስን፣ “ሩት የሠራችው ቤት” እስኪሉት ድረስ። በ1960ዎቹ ያቺ ሴት የሰው ቤት አጽድታለች፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች። ዘፈኗ እየተሰማ! ዘፈኗ ሲሸጥ የሚገባትን የሮያሊቲ ገንዘብ ለማስከበር በ1980ዎቹ ስትሟገት ነው የኖረችው። ስለዚህ ስም መታወቁ ብቻውን... በሌላ በኩል ስሟ ባይታወቅ በምን ትሟገት ነበር? አያችሁ፣ ልጨርሰው ስል ይዞርብኛል።

ተውት። ወደ ጋሼ እንመለስ።

ሸክላው አለቀ። መርፌው ወደ መሃል ወደ ባዶው ቦታ ተንሸራተተ። እኔ አንገቴን አሰገግኩ። ምክንያቱም ወረቀት የሚለጠፈው ሌብል ላይ ነው፣ ሌብሉን የከበበው ባዶ ቦታ ላይ ግን ፋብሪካው ቁጥር ይጭራል። ጋሼ እጃቸውን ሰደዱ፣ ግን ቀደምኳቸው፤ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን አየሁ። ጎኗ ያለውን ቁጥር ማንበብ አልቻልኩም። ሦስት ማዕዘንና ቁጥር ሎስ አንጀለስ የነበረው የሞናርክ ማተሚያ ምልክት ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ያየ ሰው ሸክላው መቼ እንደታተመ ይገምታል። ሞናርክ ደግሞ ለብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች ያትም ነበር። ፍንጭ ነው፣ ግን ሰፊ ፍንጭ።

ጋሼ እንዳየሁ አይተዋል። ምንም አላሉም። ሸክላውን ያነሱታል ብዬ ስጠብቅ መርፌውን እንደገና መጀመሪያው ላይ መለሱት።

እኔ አልለመንኳቸውም። እዚህ ነጥብ ላይ ነው አእምሮዬ የቆመው። ያ ሸክላ ቪኒል አይደለም፤ ቀለል ያለ፣ ጠርዙ ጠፍጣፋ፣ ስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ስታይሪን በቶሎ ይበላል። መርፌው ትንሽ ከደነዘዘ ደግሞ በየጨዋታው ዘፈኑን እየፋቀ ነው የሚሄደው። ይሄን ከእኔ በላይ እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እና ሁለቴ አጫወቱልኝ። ትንፋሿ ጋ ሲደርስ ጣታቸውን አንስተው “እዚህ ጋ፣ ሰማሽ?” አሉኝ።

ስስታም ሰው እንዲህ ያደርጋል?

በንዴት ነው ከዚያ ቤት የወጣሁት፣ መደበቅ አልችልም። ደረጃ ላይ ግን ዜማውን እያንጎራጎርኩ ነበር። እስካሁን አልለቀቀኝም። ጎረቤቴ ግድግዳውን መደብደብ ትቶ አብሮኝ ማፏጨት ጀምሯል። ይኸው ተካፈልነው ማለት ነው፣ ያለ ስም።

አንዳንዶቻችሁ “ዜማውን አንጎራጉሪልንና እንፈልገው” ልትሉኝ ነው። ማታ ማታ የድሮ የሽያጭ ዝርዝር እያገላበጥኩ ነው፤ ሞናርክ፣ ሴት ዘፋኝ፣ ሳክስፎን። ቢበዛ ሁለት ሦስት የምጠረጥራቸው አሉ። አንዷ ትሆናለች። እዚህ ልጠራቸው አስቤ ነበር፣ ወረቀት ላይም ጽፌያቸዋለሁ፣ ይኸው ፊቴ ነው ያለው።

ግን ጋሼ ይሄን ፖድካስት መስማት ከጀመሩስ? አይሰሙም። ሰባ ስምንት ስላልኳቸው ብቻ ቢሰሙ ይገድሉኛል። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ተመልሰሽ ነይ ብለውኛል ደግሞ፣ ሌላ ሳጥን አለ ብለው። እና ስሟን ካወቅኩ እዛ ቁጭ ብዬ እንደማላውቅ ልሁን? ወይስ ገና በር ላይ ልንገራቸው? ወይስ... ቆይ፣ ማን ነው የሚያንኳኳው? መጣሁ መጣሁ፣ ማጥፊያው የቱ ነበር፣ ይሄኛው...