ደረጃውን ማን ቆጠረው?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ሻያችሁን ያዙና አዳምጡኝ።

ወሬው አርክቴክቶች በተገናኙ ቁጥር የማይቀር ጭቅጭቅ ነው። አንዱ ወገን "በእጁ ነድፎ ያላደገ፣ አርክቴክት አይባልም" ይላል። ሌላው ደግሞ "ዛሬም በአውቶካድ ቱዲ የሚሰምር ሰው ጊዜ ጥሎት ሄዷል፤ ዓለም ወደ ቢም ገብቷል" ይላል። ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል። ሂሳብ የሚከፍል ይጠፋል።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። አውቶካድ የንድፍ ሶፍትዌር ነው፤ እዚያ ላይ ግድግዳ ማለት ሁለት መስመር ነው። ሬቪት ወይም አርኪካድ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ላይ ግን ግድግዳው ራሱን ያውቃል። ውፍረቱን፣ ከብሎኬት ይሁን ከጡብ፣ ስንት ካሬ እንደሆነ ይነግራችኋል። ፕላኑ ላይ አንድ መስኮት ብታንቀሳቅሱ ሴክሽኑም (ሕንፃው ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል)፣ ኤሌቬሽኑም (ከውጭ የሚታይበት)፣ የመስኮት ዝርዝሩም አብሮ ይቀየራል። ቢም የሚባለው ይኼ፣ መረጃውን የያዘ የሕንፃ ሞዴል ነው። "የወደፊቱ ቴክኖሎጂ" ሲሉት ግን ይገርመኛል። አውቶካድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ የሃንጋሪዎቹ አርኪካድ ብዙም ሳይቆይ ተከተለው። ሬቪት በ2000 ወጣ፣ በ2002 የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ ገዛው። "የወደፊቱ" ከብዙዎቹ ተማሪዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

የእጅ ወገኖች ሁልጊዜ አፍሪካ አዳራሽን ይጠራሉ። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ፣ ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ቢሮ ውስጥ አልነበረም። እውነት ነው። ግን በእጅ የተነደፈ ሁሉ አፍሪካ አዳራሽ አልሆነም። በዚያው ዘመን በእጅ ተነድፎ አስቀያሚ የሆነም ሞልቷል፤ እሱን ማንም አይጠራውም።

እኔ የእጅ ንድፍ የሚናፍቀኝ ለውበቱ አይደለም። በምላጩ ምክንያት ነው። ትሬሲንግ በሚባለው ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ በራፒዶግራፍ፣ በንድፍ ቀለም ብዕር፣ የተሰመረ መስመር ላጲስ አያጠፋውም። በምላጭ ነው የሚፋቀው። ምላጩን ጋደም አድርጋችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ቀስ ብላችሁ ትፍቃላችሁ። የተፋቀው ቦታ ይሻክራል። እዚያ ላይ እንደገና ቀለም ካደረጋችሁ ይሸሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በጥፍር አሽታችሁ ታለሰልሱታላችሁ። አንድ ቦታ ደጋግማችሁ ከፋቃችሁ ወረቀቱ ይበሳል፤ ሙሉውን እንደገና መሥራት ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት እያለ ሰው ሳያስብ አይሰምርም። ሳይወስን ቀለም አይነካም።

አሁን ያ ቅጣት የለም። ይኼ ትልቅ እፎይታ ነው፣ አልክድም። ግን ሶፍትዌሩ እናንተ ገና ያላሰባችሁበትን ነገር አስቦ ይሰጣችኋል። ደረጃን እንውሰድ።

ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ነው እንበል። ለ17 ሴንቲ ስታካፍሉት 18 እርከን ይወጣዋል። ሬቪት ላይ ከፍታውን መስጠት ብቻ ነው፤ ደረጃው ወዲያው ቁጭ ይላል። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ያማረ። ግን ኮንክሪቱ ላይ ገና የሚነጠፍ አለ። ወለሉ ላይ ስክሪዱ (ከንጣፉ ሥር የሚገባው የሲሚንቶ ድልዳል) እና ሴራሚኩ ተደምሮ 7 ሴንቲ ይሁን። ደረጃው ላይ እምነበረዱ ከነሞርታሩ 5 ሴንቲ ይሁን። ታች ያለው ወለል በ7 ከፍ ሲል፣ የመጀመሪያው እርከን የሚጨምረው 5 ብቻ ነው። ስለዚህ 17 የነበረው 15 ይሆናል። ላይ ስትደርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ የመጨረሻው እርከን 19 ይሆናል። በመሃል ያሉት ሁሉ 17። እግር ደግሞ ቆጣሪ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ከረገጠ በኋላ ቀጣዩን ሳያይ ነው የሚያነሳው። አዲስ ሕንፃ ላይ ደረጃ ወጥታችሁ ልትጨርሱ ስትሉ ከተደናቀፋችሁ በጫማችሁ አትፍረዱ።

በእጅ ሲሠራ ደረጃው በአንድ ለሃያ ስኬል እርከን በእርከን ይሰመራል። ኮንክሪቱ አንድ መስመር፣ ፊኒሺንጉ ሌላ መስመር። ላንዲንጉ፣ ማረፊያው፣ ጋ ስትደርሱ ሁለቱ መስመሮች አልገጥም ይሏችኋል። እዚያው ትቆማላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ። ሬቪትም ይኼን አሳምሮ መሥራት ይችላል። ግን ከየትኛው ወለል እንደሚለካ፣ ከኮንክሪቱ ወይስ ከንጣፉ፣ እናንተ ልትነግሩት ይገባል። ካልነገራችሁት ዝም ብሎ የተስተካከለ የሚመስል ሥዕል ይሰጣችኋል።

ታዲያ ወደ ምላጭ እንመለስ? በፍጹም። የሌላውን ወገን ደግሞ ስሙ። የመጸዳጃ ቤት የፍሳሽ ቱቦ፣ ባለ 110 ሚሊሜትሩ፣ ቢሙን በስቶ ማለፍ ሲኖርበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሶፍትዌሩን ሳይሆን ወለሉን የሚሸከመውን የኮንክሪት ቢም ማለቴ ነው። አርክቴክቱ የራሱን ነድፏል፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ የራሱን፣ የሳኒተሪው የራሱን። ሦስቱ ሥራዎች መጀመሪያ የሚተዋወቁት ሳይት ላይ፣ ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ነው። ከዚያ መዶሻ ይመጣል፣ ፌሮ ይቆረጣል፣ መሐንዲሱ ይጮኻል። ድሮ ትሬሲንግ በትሬሲንግ ላይ ደርቦ መስኮት ላይ ማየት ነበር። ያ ግን ፕላኑን ነው የሚያሳየው፤ ከፍታውን አያሳይም። ሞዴል ያሳያል። ቢም የዚህን አንድ ችግር ብቻ ቢፈታ እንኳ ዋጋውን ያስመልስ ነበር።

እዚህ ግን የእኛ ነገር ይመጣል። በብዙ ቢሮ ሞዴል የሚሠራው አርክቴክቱ ብቻ ነው። የስትራክቸር መሐንዲሱ ኢታብስ በሚባለው የስሌት ሶፍትዌር ላይ የራሱን ሞዴል ሠርቶ አውቶካድ ላይ ይነድፋል። ኤሌክትሪኩም ሳኒተሪውም አውቶካድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ያ ሁሉ የተለፋበት ሞዴል ወደ አውቶካድ ተቀይሮ በኢሜል ይላክላቸዋል። ቱቦውና ቢሙ አሁንም አልተገናኙም። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ የተንቀሳቀሰው መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በማዕከል ለሚገዛቸው ፕሮጀክቶች ቢምን ግዴታ ስላደረገው ነው። ደግሞም ቢም ድካሙን ወደ ሥራው መጀመሪያ ያመጣዋል። ደንበኛው መጀመሪያ የሚፈልገው የግንባታ ፈቃድ የሚያስገኝ ወረቀት ነው፤ የሚከፍለውም ለሱ ነው። ማን ከኪሱ አውጥቶ ቱቦ ይሞዴል?

ዋጋውን ካነሳን አይቀር፣ አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሶፍትዌሩን ለዘለቄታው አይሸጥም፤ ያከራያል። በ2020 እነ ዛሃ ሃዲድ አርክቴክትስ ያሉበት 25 ቢሮ "ዋጋው ይወጣል፣ ሬቪት ግን ባለበት ቆሟል" ብለው ደብዳቤ ጻፉለት። እነሱ በፓውንድ እየከፈሉ እንዲህ ካሉ፣ ዶላር ፍለጋ የሚንከራተት የአዲስ አበባ ትንሽ ቢሮ ምን ይበል? ስለ ክራክ፣ ሳይከፈልበት ተሰብሮ ስለሚሠራው ሶፍትዌር፣ ዛሬ አላወራም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በክርክሩ ውስጥ ማንም የማይጠራው ሰው አለ። ፎርማኑ። ሞዴሉ ስሪዲ ይሁን ሌላ፣ እሱ እጅ የሚደርሰው የተጨማደደ ኤ ስሪ ነው። ካልገባው አናጢውን ይጠራና በእርሳስ ፎርምወርኩ ጣውላ ላይ ይስልለታል። ሕንፃው የሚሠራው በዚያ ሥዕል ነው። ኮንክሪት ይሞላበታል፣ ጣውላው ይነቀላል፣ ሥዕሉ ለሌላ ፎቅ ይሄዳል።

እኔ ቢሮ አዲስ ለሚገቡ ልጆች አንድ ልማድ አለኝ። ሬቪት ከመክፈታቸው በፊት ደረጃውን ከነፊኒሺንጉ በእርሳስ እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ይነጫነጫሉ። በቅርቡ አንዷ "ጋሼ፣ ለምን በእርሳስ? እዚሁ ልሥራልዎት" ብላ ላፕቶፗን አዞረችልኝ። ወለሉን ከኮንክሪቱ ለይታ፣ የንጣፉን ውፍረት ሁለቱም ጋ አስገብታ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እርከን የኮንክሪት ከፍታ አስተካክላ ነበር። 19 እና 15 አድርጋዋለች፣ ንጣፉ ሲገባ ሁሉም 17 እንዲሆን። እርሳሱን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኼን ሥዕል ፎርማኑ በምን ያየዋል? እስካሁን እየተከራከርን ነው። እሷ "ታብሌት ይገዛለት" ትላለች፤ እኔ ሲሚንቶ ውስጥ ታብሌት ስንት ቀን ይቆያል እላለሁ።

መልስ ያላችሁ ጻፉልኝ። ሰላም ሁኑ።