ከመገናኛ ማዶ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሰፈሬ ነው። ሰፈሬ ስል ከመገናኛ ተነስቶ ጉርድ ሾላን፣ ሲኤምሲን፣ መሪን፣ አያትን አልፎ ወደ ጣፎ የሚወጣውን መስመር በሙሉ ነው። ቀን ቀን ጭር ይላል፣ ማታ ይሞላል።

"እዛ ደግሞ ምን ታሪክ አለ?" የሚሉኝ አሉ። ፒያሳ አይደለ፣ አራት ኪሎ አይደለ። ሐውልት የለው፣ ቤተ መንግሥት የለው። ልክ ናቸው፣ ግን ታሪክ አጣ ማለት አይደለም፤ ዕድሜው አጭር ነው እንጂ። ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን፣ ከራቬና ከመጣ የሥራ ተቋራጭ ነው። ድርጅቱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ከደርግ በኋላ ሪል እስቴት መጣ፤ አያት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አያት ውስጥ ሰው ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትጠየቁት "ዞን ስንት?" ተብላችሁ ነው።

ከዛ ኮንዶሚኒየም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ገርጂ ላይ ተሞከረ፣ ከዛ ሰፊ ባዶ መሬት ወዳለበት ወደ ዳር ወጣ፤ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ። በ20/80ው 20 በመቶውን ትከፍላለህ፣ ቀሪውን ከባንክ ትበደራለህ፣ ማን ጎረቤትህ እንደሚሆን ግን የሚወስነው ዕጣ ነው። ለ5 ዓመት መሸጥ አይቻልም፣ ማከራየት ግን ይቻላል። ስለዚህ ዕጣ ወጥቶለት የወር ክፍያው የከበደው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ይከራያል፣ አንዱ ከልደታ ፈርሶበት ይመጣል፣ ሌላው አዲስ ተጋቢ ነው፣ እና እነዚህ ሁሉ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ አንድ የውኃ ታንከር ላይ ይጣላሉ።

ለእኔ የሰፈሩ ትልቁ ቅርስ ኮሙናሉ ነው። አትሳቁ! በብሎኮቹ መሃል ያለችው የጋራ ቤት ማለቴ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ ማረድ እንደማይመች፣ የድግስ እንጀራም ጠባብ ኩሽና ውስጥ እንደማይጋገር፣ ለቅሶ ሳሎን ውስጥ እንደማይበቃ ያሰበ ሰው ነው ያቀዳት። እድሩ የሚሰበሰበው እዛ ነው። አንዳንድ ቦታ ተከራይታ ሱቅ ሆናለች፤ ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ድንኳኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ይተከልና ሌላ ጭቅጭቅ ይጀመራል። የእድሩ ብረት ድስት እና ወንበር የት ይቀመጥ? እሱ ራሱ የአንድ ሙሉ እሁድ ስብሰባ ነው።

ባቡሩንም ሳልጠራው አላልፍም። የእኛ መስመር ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ በመገናኛ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮ አድርጎ፣ እንደ ርቀቱ በ2፣ በ4፣ በ6 ብር። ተአምር ነበር። ሁለቱንም መስመር እንዲያገለግሉ ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ሲቆሙ ግን ሰዉ ተመልሶ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ወጣ።

ጥፋቱን ሁሉ ባቡር ላይ መደፍደፍ ግን አይዋጥልኝም። ቤቱን ወደ ዳር ስናወጣ ሥራውን አላወጣነውም። መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ፣ ካዛንቺስ፣ ቦሌ ቀረ። ጠዋት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማታ ሁሉም በተቃራኒው፤ የመገናኛን ግፊያ የወለደው ይሄ ነው። ትንሽም ቢሆን የሚያጽናናኝ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በእሱ ምክንያት ጠዋት በተቃራኒው የሚመጣ ሰው አለ።

እስቲ እናንተም የብሎካችሁ እድር እንዴት እንደተመሠረተ በድምፅ ላኩልኝ። መጀመሪያ ማን ማንን አንኳኳ፣ መዋጮው ላይ ማን ተጨቃጨቀ፣ ተከራይ አባል ይሁን ወይስ አይሁን እንዴት ተወሰነ? የሚቀጥለውን ክፍል በእሱ እሠራዋለሁ። ቻው!