ጭነቴን ወደ ባቡር ላዙረው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ፕሮግራም በወደብና በባቡር ጭነት ላይ ብዙ ዓመት የሠሩት እንግዳችን ለደወላችሁ አድማጮች ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ ዕቃ የማመጣው በከባድ መኪና ነው። መንገዱ ሰለቸኝ። በባቡር ይረክስልኛል?

መልስ፦ ይህን በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ የት ነው የምታራግፈው? ባቡሩ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ መጋዘንህ በር ላይ አይቆምም። ኮንቴይነሩ ከሚወርድበት ከሞጆ ደረቅ ወደብ ሌላ መኪና ትከራያለህ፤ ጫኝና አውራጅም አለ። ብዙ ኮንቴይነር ባንዴ ለሚያስመጣ ሰው ሳያዋጣ አይቀርም። አንድ ብቻ ይዘህ ሐዋሳ የምትሄድ ከሆነ ግን ጉምሩክ ከሚያስጨርስልህ ትራንዚተር ጋር ቁጭ ብለህ አስላው። ክብደቱንም እውነቱን ንገረው!

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ። ባቡሩ እንጀራዬን ይነጥቀኝ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አይነጥቅህም። ሞጆ የወረደውን ማን ሊያደርሰው ነው? ጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ ድረስ መንከራተቱ ቀርቶ ማታ ከልጆችህ ጋር ትበላለህ።

ጥያቄ፦ ጃፓን ውስጥ ተሳቢ በመርከብ ከከተማ ከተማ ይሄዳል አሉ። እኛስ?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ የሹፌር ትርፍ ሰዓት በዓመት ከ960 እንዳይበልጥ ሕጉ ገድቧል። ስለዚህ አንዳንዶች ተሳቢውን ብቻ መርከብ ላይ ይጭኑታል፤ ሹፌሩ ከወደቡ ይመለሳል። የነሱ ከተሞች ባሕር ዳር ናቸው። የኛዋ ባሕር ዳር ግን ያላት ሐይቅ ነው። የኛ መርከብ ባቡሩ ነው።

ጥያቄ፦ በባቡር የመጣ ኮንቴይነር ስንከፍት የሴራሚክ ካርቶን ተደርምሶ የአንዱን ልጅ ትከሻ መታው። ባቡሩ አንገጫግጮት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ መትረፉን ተመስገን በይ። ባቡሩን ብቻ አትውቀሺው። ዕቃው መርከብ ላይ ሲወዛወዝ ከርሟል፣ በክሬን ተነስቷል፣ ፉርጎ ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ተገፍቷል። በመጨረሻ በሩን ተደግፎ ይቆማል። እናንተ ደግሞ እንዴት እንደምትከፍቱት አውቃለሁ። አምስት የቀን ሠራተኛ በሩ ፊት ይኮለኮላል፣ አንዱ እጀታውን በድንጋይ ይደበድባል፣ ሌላው «ያዝ! ያዝ!» ይላል። ምኑን ነው የሚይዘው? ሴራሚክ በደረት አይመለስም! ስንቴ ልናገር፤ በሩ ፊት ማንም አይቁም። መጀመሪያ ሁለቱን በሮች በጠንካራ ቀበቶ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ተበርግዶ እንዳይመታችሁ። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፣ ከበሩ ጀርባ ሆኖ፣ የቀኙን በር ስንዝር ያህል ይክፈት። ከውስጥ የሚገፋ ነገር ካለ ትቶ ይራቅ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ሲጫን ነው። ከክብደቱ ከ60 በመቶ በላይ በኮንቴይነሩ አንድ ግማሽ ላይ መከመር የለበትም። ክብደት አሳንሶ ማስጻፍ ብልጠት የሚመስላችሁም አላችሁ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ክብደቱ ያልተረጋገጠ ኮንቴይነር መርከብ ላይ እንዳይወጣ በዓለም አቀፍ ደንብ የተከለከለው ያለ ነገር አይደለም። እውነቱን ጻፉ።

ጥያቄ፦ የዩኒሞዳልና የመልቲሞዳል ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዩኒሞዳል ከሆነ አጓጓዡ ዕቃህን የሚያደርስልህ እስከ ጅቡቲ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የራስህ ጣጣ ነው። መልቲሞዳል ከሆነ እስከ ደረቅ ወደቡ ያደርስልሃል፣ በአንድ ሰነድ።

ጥያቄ፦ የኮንቴይነሩ በር ላይ የራስ ቅል ሥዕል ተለጥፏል። ውስጡ ያለው የቤት ዕቃ ብቻ ነው፤ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ለተባይ በመርዝ የታጠነ ነው። ጋዙ ሳይሸታችሁ ሰው ይጥላል። እንዳትነኩት። ትራንዚተራችሁ ባለሙያ ይጥራላችሁ፤ እሱ በመሣሪያ ለክቶ «ግቡ» ሳይል ማንም እግሩን እንዳያስገባ።