የምንገዛው ጀልባ ዝናብ የሚችል ይሁን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከድሬዳዋ ሰፈሮች ከከዚራም ከመጋላም ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛ የምታመላልስ አነስተኛ የሞተር ጀልባ ለመግዛት ገንዘብ አዋጥተናል። የትኛዋን እንግዛ በሚለው ላይ የቴክኒክ ኮሚቴውን ወክዬ እንድናገር ታዝዣለሁ። ስለ ዋጋው ሌሎች ያስረዳሉ፤ እኔ የምናገረው ስለ ዝናብ ነው።

እኛ ድሬዎች በጠራ ሰማይ የታየን ነገር ማመን አይገባንም። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዶብናል።

ባለፈው ክረምት ከኮሚቴው ጋር ባሕር ዳር ሄደን፣ በሥራ ላይ ያለች ለሽያጭ የቀረበች ጀልባ ከመንገደኞች ጋር ተሳፈርን። ዙሪያዋ ክፍት፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሮቿ ነጫጭ ስለሆኑ ጠዋት ላይ ላያት ልብ ትማርካለች። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ መካከል ሳለን ዝናቡ ከነነፋሱ ደረሰ። በጎን የሚወርደው የላስቲክ መጋረጃ በሰው ትንፋሽ ጉም ስለለበሰ፣ ነጂው ከፊቱ ያለውን ለማየት መጋረጃውን ገልጦ አንገቱን ወደ ውጭ እያወጣ ነዳ። ከሁሉ የከፋው ግን ዝናቡ በሚመታበት በኩል የነበሩት ሰዎች ተነሥተው ወደ ደረቁ ጎን መታጨቃቸው ነበር፤ ጀልባዋ ወደዚያው አዘነበለች፣ ነጂው ተመለሱ እያለ ቢጮህም ሕፃን የታቀፉ እናቶች ወደ ዝናቡ ሊመለሱ አልቻሉም። ዳር ስንደርስ ሻጩ «በክረምት ሰው ብዙም አይጓዝም» አለን። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው አይታመምም? ገበያ አይወጣም? ለቅሶ አይደርስም? የድሬዳዋ ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰውን ለአደጋ በሚሰጥ ሸራ ላይ እንዲያፈስ አንፈቅድም!

ስለዚህ ጠንካራ ጣሪያና ግድግዳ ያለው፣ መንገደኛውም ነጂውም የሚጠለልበት ካቢን ያላት ጀልባ እንፈልጋለን። የፊት መስተዋቱ የዝናብ መጥረጊያ ይኑረው፤ አየር ማስገቢያው ውኃውን ወደ ውጭ አንጠባጥቦ አየሩን ብቻ የሚያሳልፍ ይሁን፤ አለዚያ የተዘጋውም ካቢን በጉም ይታወራል። የካቢኑ ቁመት ግን ከፍ ያለ መሆን የለበትም። ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ከፍ ያለ ካቢን ደግሞ ነፋሱን ተቀብሎ ጀልባዋን ያንገዳግዳል።

ሞተሩ የናፍጣ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ ሳንቃ በታች ወዳለው የጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል፣ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ ከሌለው ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል። ሆዷ ውስጥ የገባውን ውኃ ቀድቶ የሚያወጣው ፓምፕም በራሱ የሚነሣ ሆኖ የእጅ መጠባበቂያ ይኑረው።

ጉባኤው እንዲወስን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ማንኛዋም ጀልባ በዝናብ ቀን በሐይቁ ላይ ሳትፈተን ክፍያ አይፈጸም። ዝናብ ከሌለም ሻጩ ባለበት በውኃ ጎማ ለረጅም ጊዜ ይረጭባት፤ ከዚያም የወለሉ ሳንቃ ተነሥቶ ሆዷ ይታይ። ይህ ሐሳብ በዛሬው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርልኝ እጠይቃለሁ።